ከመፈረማችን በፊት ንገሩን

ለቨርጂኒያ ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን
የኢንሹራንስ ቢሮ
ሪችመንድ

ግልባጭ፦ በሰሜን ቨርጂኒያ ቤት ለመግዛት ለምትዘጋጁ ወገኖቼ

ጉዳዩ፦ ስለ ታይትል ኢንሹራንስ ለቤት ገዢ የሚሰጠውን ማስታወቂያ ይመለከታል

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

የምጠይቃችሁን ሳላንዛዛ ላስቀድም። ቤት ለሚገዛ ሰው ስለ ታይትል ኢንሹራንስ (ስለ ባለቤትነት መብት ዋስትና) የሚሰጠው ማስታወቂያ፣ ክሎዚንግ በሚባለው የመጨረሻ ፊርማ ጠረጴዛ ላይ ከሚቆለለው ወረቀት ውስጥ ወጥቶ፣ ሰውዬው ገና መጠየቅና ማማከር በሚችልበት ጊዜ ይድረሰው። የባለቤቱ ፖሊሲ በእርግጥ ስንት እንደሚያስጨምረው ይጻፍበት። አማርኛ ለሚያነብ ሰው ደግሞ በአማርኛ ይሰጠው።

ደብዳቤውን በአማርኛ መጻፌ እንዳይገርማችሁ። ልታነቡት ሰው መፈለግ፣ ቀጠሮ መያዝ፣ «እዚህ ላይ ምን ማለቱ ነው?» ብላችሁ መጠየቅ ይኖርባችኋል። እኛም ሠላሳ ዓመት የምንከፍለውን ዕዳ የምንፈርመው እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ እናንተን የሚያጣድፍ ሰው አጠገባችሁ አለመቀመጡ ነው።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። በአሌክሳንድሪያ፣ በፎልስ ቸርችና በፌርፋክስ ካውንቲ ቤት የሚገዙ ወገኖቼ ለፊርማ ሲቀርቡ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ጠበቃ ስላልሆንኩ የሕግ ምክር አልሰጥም፤ የተባለውን ብቻ አስተላልፋለሁ። ሰዎች የት ላይ እንደሚደናገሩ ግን ከወንበሬ ሆኜ አያለሁ። በወለዱ ላይ ብዙም አይደናገሩም፤ ስለ ወለድ ወራት ሙሉ ሲያወሩ ከርመዋል። ግራ የሚጋቡት ታይትል ኢንሹራንስ ላይ ሲደርሱ ነው።

ግራ የሚጋቡበት ምክንያት አላቸው። አብዛኞቻችን የመጣነው ካርታ ከሚሰጥበት አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው ካርታው የማን እንደሆነ፣ ዕዳና እግድ እንዳለበት ያጣራል፤ ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ቀርቦ ይፈርማል፤ ከዚያ ስም ያዛውራል። ሂደቱ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሆኖም ሰው ልብ ውስጥ የሚተወው አንድ እምነት አለ፦ ስሜ ካርታው ላይ ከሰፈረ መንግሥት ያውቀኛል የሚል። ቨርጂኒያ ውስጥ የሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል የባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነዱን (ዲዱን) ተቀብሎ ይመዘግባል እንጂ ሻጩ እውነተኛ ባለቤት ስለመሆኑ ዋስ አይሆንም። ፊርማው የተጭበረበረ ዲድም ቅርጹን አሟልቶ ከቀረበ መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የባለቤትነቱን ሰንሰለት የሚመረምረው ታይትል ካምፓኒው የሚያሠራው ፍተሻ ነው፤ ፍተሻው ሳያገኘው ለሚቀረው ደግሞ ኢንሹራንሱ አለ።

ኢንሹራንሱ ራሱ የተወለደው ከዚሁ ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዋትሰን የተባሉ ገዢ የባለቤትነቱን ሰነድ በመረመሩላቸው በሚዩርሄድ ላይ ባቀረቡት ክስ፣ መርማሪው በጠበቃ ምክር ተመርተው በቅንነት ስለተሳሳቱ አይጠየቁም ብሎ ወሰነ። ጉዳቱ ከገዢው ጋር ቀረ። በ1876 ፊላደልፊያ ውስጥ የመጀመሪያው የታይትል ኢንሹራንስ ኩባንያ ሥራ ጀመረ። ይህን የማነሳው ለታሪክ ብዬ አይደለም፤ ነገሩ ሲጀመር የታሰበው ለገዢው እንደነበር ለማስታወስ ነው።

ዛሬ ፖሊሲው ሁለት ነው። አንዱ የአበዳሪው ነው። ባንኩ የግድ ይለዋል፤ እዚህ አካባቢ ዓረቦኑን የሚከፍለው ግን ገዢው ነው። የሚሸፍነው የባንኩን ገንዘብ ብቻ ነው፤ ብድሩ ሲቀንስ ሽፋኑም ይቀንሳል፣ ብድሩ ሲያልቅ ያልቃል። ሌላው የባለቤቱ ፖሊሲ ነው። በፈቃድ የሚገዛ ሲሆን አንዴ ተከፍሎ ባለቤቱ ወይም ወራሾቹ ቤቱን እስከያዙ ድረስ ይቆያል። ገዢው የሂሳቡ ወረቀት ላይ «ታይትል ኢንሹራንስ» የሚል መስመርና የሚያስደነግጥ ቁጥር ያያል፤ ይከፍላል፤ እንግዲህ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ማን ይፈርድበታል?

የስቴታችን ሕግ ይህን ስህተት አስቀድሞ አይቶታል። ገንዘቡ ለሚመለከታቸው ከመከፈሉ በፊት ገዢው የባለቤቱን ፖሊሲ መግዛት እንደሚችል በጽሑፍ እንዲነገረው፣ መፈለግ አለመፈለጉንም ፈርሞ እንዲገልጽ ያዝዛል። መልካም ሕግ ነው። ችግሩ «በፊት» የሚለው ከአምስት ደቂቃ በፊትም መሆን መቻሉ ነው። እኔ በተቀመጥኩባቸው ክሎዚንጎች ላይ ይህ ወረቀት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከክምሩ መሀል ነው፤ ኖት ከሚባለው የብድር ሰነድ በኋላ፣ ከግብር ቅጾቹ ጎን። መኪና ማቆሚያው ላይ የጭነት መኪናው እየጠበቀ ነው፤ የኪራይ ቤቱ ቁልፍ ተመልሷል፤ ልጆቹ አክስታቸው ዘንድ ናቸው። «ይህኛው ኦፕሽናል ነው፤ ትፈልጋላችሁ?» ይባላሉ። በዚያ ሰዓት ኦፕሽናል የተባለ ነገር ሁሉ መቀነሻ ይመስላል።

አንድ ቤተሰብ ልጥቀስ፤ ማንነታቸውንም ካምፓኒውንም አልናገርም። ባልና ሚስት ታውንሃውስ ገዙና «አልፈልግም» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገው ፈረሙ። ከጊዜ በኋላ ሪፋይናንስ ሊያደርጉ ሲሉ፣ ከሻጩ በፊት የነበረው ባለቤት የወሰደው ሁለተኛ ብድር ከመዝገብ ሳይሰረዝ መቅረቱ ተገኘ። አበዳሪው ባንክ በሌላ ተገዝቷል፤ ያም ስሙን ቀይሯል። ዕዳው ምናልባት ድሮ የተከፈለ ነው፤ መዝገቡ ግን አልተከፈለም ይላል። ሻጩ ሌላ ስቴት ሄዷል። ጠበቃ ቀጠሩ፣ ወራት ጠበቁ፣ ያገኙት ዝቅተኛ ወለድም አመለጣቸው። «ከፍለን ነበር እኮ!» አለችኝ ሚስትየው፣ የክሎዚንጉን ወረቀት ከፍታ መስመሩን በጣቷ እያሳየችኝ። እውነቷን ነው፤ የከፈሉት ለባንኩ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ደንብ ለተበዳሪ ሁለት ቅጾች ያሰጣል። የመጀመሪያው የብድር ግምት ነው፤ ማመልከቻው በገባ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይላካል። ሁለተኛው ክሎዚንግ ዲስክሎዠር ነው፤ ብድሩ ከመፈረሙ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀናት ቀደም ብሎ መድረስ አለበት። ሁለቱም ላይ የታይትል ዋጋ አለ። ግን አቆጣጠሩ ልዩ ነው። ሁለቱ ፖሊሲዎች አብረው ሲገዙ የአበዳሪው በጣም ርካሽ ይሆናል፤ የፌዴራሉ ቅጽ ይህን ቅናሽ በአበዳሪው መስመር ላይ አያሳይም። የአበዳሪውን በሙሉ ዋጋ ጽፎ ቅናሹን ከባለቤቱ ላይ ይቀንሳል።

በምሳሌ ላስረዳ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የመረጥኳቸው ናቸው። የባለቤቱ ፖሊሲ 2,300 ዶላር፣ የአበዳሪው ለብቻው ቢገዛ 1,800፣ ከባለቤቱ ጋር ቢገዛ 150 ነው እንበል። ታይትል ካምፓኒው በራሱ ወረቀት ላይ «የባለቤቱ 2,300፣ የአበዳሪው 150» ብሎ ይጽፋል፤ ድምሩ 2,450። የፌዴራሉ ቅጽ ላይ ደግሞ «የአበዳሪው 1,800፣ የባለቤቱ (ኦፕሽናል) 650» ይላል፤ ድምሩ ያው 2,450። ሁለቱንም የያዘ ገዢ የመጀመሪያ ጥርጣሬው ሊያታልሉኝ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፤ የካምፓኒውን ወረቀት አምኖ «የባለቤቱን ብተወው 2,300 ይቀርልኛል» ብሎ ያስባል። አይቀርለትም። ከተወው የአበዳሪው ቅናሽ አብሮ ስለሚሄድ 1,800 ይከፍላል፤ የሚቀርለት 650 ብቻ ነው። ለራሱ ሙሉ ሽፋን ለማግኘት የሚጨምረው ገንዘብ ይህች ልዩነት ብቻ መሆኗን አውቆ «አልፈልግም» ያለ ሰው እኔ አላጋጠመኝም። ሳያውቅ ያለ ግን ብዙ ነው።

የፌዴራሉን ቅጽ እናንተ መለወጥ እንደማትችሉ አውቃለሁ። በስቴቱ ማስታወቂያ ላይ ግን ሁለት መስመር መጨመር ትችላላችሁ፦ «የባለቤቱን ፖሊሲ ከገዙ ጠቅላላ የታይትል ዓረቦንዎ ይህን ያህል፤ ካልገዙ ይህን ያህል።» አቆጣጠሩን ለማስረዳት እኔ ሙሉ አንቀጽ ፈጅቻለሁ፤ ለገዢው ሁለቱ ቁጥሮች ይበቁታል። ቤቱን ያለ ብድር፣ በቤተሰብ መዋጮና በዕቁብ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው ደግሞ የፌዴራሉ ቅጽ ጭራሹን አይደርሰውም። እንዲህ የሚገዙ ወገኖች አሉን፤ ባንክ ስለሌለ ፍተሻ እንዲደረግ የሚጫንላቸውም የለም። እነሱ ዘንድ የሚደርስ ወረቀት ካለ የእናንተ መሆን አለበት።

ሌላው በዝምታ የሚታለፈው፣ ፖሊሲው የማይሸፍነው ነገር ነው። ታይትል ካምፓኒው ከክሎዚንግ በፊት ኮሚትመንት የሚባል ሰነድ ያወጣል። በውስጡ ሸጁል ቢ የሚባለው ክፍል ከሽፋን የሚወጡትን ይዘረዝራል፤ የድንበር ጉዳዮች፣ የሰፈሩ ማኅበር ደንቦች፣ የመብራትና የውኃ መስመር መተላለፊያ መብቶች፣ ገና ያልተመዘገቡ የሠራተኛና የዕቃ አቅራቢ ዕዳዎች። ሰነዱ ለአበዳሪውና ለኤጀንቱ ይላካል። ገዢው ካልጠየቀ ላያየው ይችላል፤ መኖሩን የማያውቅ ደግሞ አይጠይቅም።

የሠራተኛ ዕዳውን ነገር ትንሽ ላቆየው፤ አዲስና የታደሰ ቤት የሚወድ ሕዝብ ነን። በቨርጂኒያ ሕግ ለቤቱ የሠራ ወይም ዕቃ ያቀረበ ሰው ካልተከፈለው ቤቱን ማስያዝ ይችላል። ሥራ ካቆመበት ወር የመጨረሻ ቀን ጀምሮ የሚቆጠር 90 ቀን ስላለው፣ ከሽያጩ በፊት ለተሠራ ሥራ ከሽያጩ በኋላ ሊያስመዘግብ ይችላል። ኮንትራክተር ገዝቶ፣ አድሶ፣ በሁለት ወር ውስጥ የሚሸጠው ቤት ማለት ይኸው ነው። ይህን የሚያስጠነቅቅ አንቀጽ፣ ታይትል ኢንሹራንስም እንደ ሁኔታው ሊሸፍነው እንደሚችል ጭምር፣ የቤት መሸጫ ውሉ ላይ ታትሟል። እንግዲህ ማስጠንቀቂያው አለ ትሉኛላችሁ። አለ፤ ውሉን ሰዎች የሚፈርሙት ግን ሌላ ተጫራች እንዳይቀድማቸው በስልካቸው ላይ፣ ማታ፣ በጣታቸው ነው። ስቴታችን ደግሞ «ገዢ ራሱ ይጠንቀቅ» የሚለውን መርህ እስከ ዛሬ አጥብቆ ይዟል፤ ሻጩ ስለ ቤቱ የመናገር ግዴታው ጠባብ ነው። ገዢው ይጠንቀቅ ከተባለ መጠንቀቂያውን በሚያነበው መልክ ስጡት።

ስለ ስማችንም አንድ ነገር ልበል። የፍርድ ዕዳ የሚፈለገው በስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባታችን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል፤ ባልና ሚስት የተለያየ ስም ይይዛሉ፤ ተስፋዬም፣ ገብረ ሥላሴም በእንግሊዝኛ ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋሉ። ስለዚህ ፍተሻው አንዳንዴ የማናውቀውን ሰው ዕዳ በእኛ ላይ ያመጣል፤ አንዳንዴም የሻጩን እውነተኛ ዕዳ በአንዲት ፊደል ልዩነት ያልፈዋል። ለብዙ አሜሪካውያን ይህ ሩቅ አደጋ ነው። ሻጩም ገዢውም ሐበሻ በሆኑበት ሽያጭ ግን ቅርብ ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ የሚዘጋጅ ማስታወቂያ ይህን ጠቅሶ «ስምዎ በሌላ አጻጻፍ ተመዝግቦ ያውቃል?» ብሎ ቢጠይቅ ፈታሹም ይጠቀማል።

ታይትል ካምፓኒውን የሚመርጠው ማን ነው? በእኛ ሕግ ክሎዚንጉን የሚያስፈጽመውን ሴትልመንት ኤጀንት የመምረጥ መብት የገዢው ነው፤ ውሉም ላይ ይህ እንዲጻፍ ታዟል። ሬስፓ የተባለው የ1974ቱ የፌዴራል ሕግም፣ በዚሁ ሕግ ሥር በሚወድቅ የቤት ብድር በሚገዛ ቤት ላይ፣ ሻጭ ገዢውን ከዚህ ታይትል ኢንሹራንስ ኩባንያ ግዛ ብሎ እንዳያስገድድ ይከለክላል፤ የጣሰ ለታይትል ኢንሹራንሱ የተከፈለውን ሦስት እጥፍ ሊጠየቅ ይችላል። በተግባር የሚመርጠው ሪልተሩ ነው፤ አዲስ ቤት ከሆነም ገንቢው። ገንቢው አያስገድድም፤ «የእኛን አበዳሪና የእኛን ታይትል ካምፓኒ ከተጠቀማችሁ የክሎዚንግ ወጪ እንቀንሳለን» ይላል። የጥቅም ትስስር ካለ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣል፤ እሱንም ገዢው ይፈርማል። የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2007 ባወጣው ሪፖርት ገዢዎች በዚህ ገበያ ላይ አማራጭ ማወዳደር እንደሚከብዳቸው፣ ውሳኔውም በሌሎች እጅ እንደሆነ ጽፏል። ያኔ የተጻፈው ዛሬም ከጠረጴዛው ማዶ ይታየኛል።

ለኢንዱስትሪው የምቆም እንዳይመስላችሁ። ይህ ኢንሹራንስ ውድ ነው። ከሚሰበሰበው ዓረቦን ለካሳ የሚወጣው በአብዛኞቹ ዓመታት ከ10 በመቶ በታች ነው፤ አብዛኛው የሚቀረው ፖሊሲውን የሚሸጠው ኤጀንት ዘንድ ነው። እርግጥ ነው ሥራው ከአደጋ በኋላ ከመካስ ይልቅ አስቀድሞ መፈተሽ ስለሆነ ከመኪና ኢንሹራንስ ጋር በቀጥታ አይወዳደርም፤ ቢሆንም ቁጥሩ ማንንም ያስጠይቃል። ደግሞም «አልፈልግም» ካሉት ሌላ፣ ሽፋኑ የሰፋውንና ዋጋው ከፍ ያለውን የባለቤት ፖሊሲ ልዩነቱ ሳይነገራቸው የገዙ ሰዎች አውቃለሁ። ያ ፖሊሲ ከግዢው በኋላ የሚፈጸም ሐሰተኛ ሰነድን የመሳሰሉ ነገሮችን ይጨምራል፤ ለአንዳንዱ ሰው ይጠቅማል፣ ለአንዳንዱ ትርፍ ወጪ ነው። የምከራከረው ሁሉም ይግዛ ብዬ አይደለም። እምቢ የሚልም እሺ የሚልም አውቆ ይበል።

ስለ ቋንቋው የምትመልሱልኝን እገምታለሁ፦ ስንት ቋንቋ እንተርጉም? ከወንዙ ማዶ ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ አስፈላጊ ሰነዶችን በአማርኛ ጭምር ያዘጋጃሉ። እዚሁ በእናንተ ስቴት የአሌክሳንድሪያ ከተማ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛ ይጽፋሉ። የፌዴራሉ የቤቶች ፋይናንስ ኤጀንሲ ከ2018 ጀምሮ የብድር ሰነዶችን ትርጉም ሲያሰባስብ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በቬትናምኛ፣ በኮሪያኛና በታጋሎግ ነበር፤ አማርኛ አልደረሰውም። የምጠይቀው የብድር ሰነዱ ሁሉ እንዲተረጎም አይደለም፤ የሁለት ገጽ ማስታወቂያ ነው። የሚፈረመው እንግሊዝኛው ይሁን፤ አማርኛው ለማንበቢያ ይያያዝ።

ማስታወቂያው ኮሚትመንቱ እንደወጣ፣ ከኮሚትመንቱ ቅጂ ጋር ለገዢው እንዲላክ በመመሪያችሁ ማሳሰብ ትችላላችሁ ብዬ አምናለሁ። ሥልጣናችሁ ያን ያህል ካልሄደም የስቴቱ ሕግ አውጪ ጠቅላላ ምክር ቤት በጃኑዋሪ ሲሰበሰብ ሕጉ ላይ የቀናት ገደብ እንዲጨምር ሐሳብ አቅርቡ። የፌዴራሉ ቅጽ ሦስት ቀን ቀድሞ ከደረሰ የስቴቱ ወረቀት አምስት ደቂቃ ቀድሞ የሚደርስበት ምክንያት አይታየኝም።

ለወገኖቼም እግረ መንገዴን፦ መልሱ እስኪመጣ አትጠብቁ። ውል ከፈረማችሁ በኋላ ባለው ሳምንት «ኮሚትመንቱን ላኩልኝ፤ በባለቤቱ ፖሊሲና ያለ እሱ ጠቅላላው ስንት እንደሚሆን በሁለት ቁጥር ጻፉልኝ» ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። በቅርቡ የታደሰ ቤት ከሆነ ያልተመዘገበ የሠራተኛ ዕዳ ከሽፋኑ ወጥቶ እንደሆነ ጠይቁ። ሪፋይናንስ ስታደርጉ ባንኩ አዲስ ፖሊሲ ያስገዛችኋል፤ የራሳችሁ የቀድሞው ግን አይሞትም፣ እንደገና አትግዙት፤ የድሮውን አሳይታችሁ የአበዳሪው እንዲቀነስላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚ ስትይዙም ለፊርማው ቀን ብቻ አትያዙ።

ክቡራን፣ ማስታወቂያው ምን ሊመስል እንደሚችል ለማሳየት ናሙና አዘጋጅቻለሁ። የሕግ ሰው ስላላረቀቀው ጉድለት ይኖረዋል፤ ባለሙያዎቻችሁ ያርሙት። ሁለቱ ቁጥሮች የሚሞሉበት ቦታ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ከላይ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትለውጡ ያንን ቦታ አታንሱብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰሜን ቨርጂኒያ የቤት ግዢ አስተርጓሚ

አባሪ፦ ሁለት ገጽ ናሙና ማስታወቂያ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ